ወይዘሮ ዛሬ

ባቡር ጣቢያው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ ብቻ ነው ይባል ነበር። ለሌላው ሁሉ፣ ከአለቃው እስከ ጠራጊው፣ እሷ ወይዘሮ ዛሬ ናት። ከመጠበቂያው አዳራሽ በላይ በጠባብ የብረት ደረጃ የሚወጣባት፣ ሦስት ወገኗ መስታወት የሆነች ክፍል ነበረቻት፤ ክፍል ከተባለች። ውስጧ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውኃ የያዘ ፔርሙዝ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ክረምት ከበጋ ከትከሻዋ የማይወርድ አመድማ ሹራብ። ሻንጣ ተሸካሚዎቹ፣ "ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ትንፋሹን ውጭ ትቶ መግባት አለበት" እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ድምጿ ወፍራም ነው። ልጅ ሳለች የሙዚቃ አስተማሪዋ ከመዘምራኑ መሀል ለይቷት፣ "አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" ብሏታል። እናቷም፣ "አንቺ ልጅ፣ ሹክ ብትዪ እንኳ ጎረቤት ይሰማል" ትላት ነበር። እንዲህ እየተባለች ያደገች ልጅ መናገር አትወድም። ትኬት ቤት ስትቀጠርም በመስኮቷ ቀዳዳ የሚወጣው ቃል "የት?" እና "ለስንት ሰው?" ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ በድምፅ ማጉያው የሚናገረውን ሰውዬ ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጥርቅም አለ። አለቃው ትኬት ቤት ድረስ ወርዶ፣ "ባቡሩ ሊነሣ ነው፤ አንድ ሰው ይውጣና ይጥራ!" አለ። ሌሎቹ ወደ ጣሪያ ወደ ወለል ሲያዩ እሷ ወደ በሩ ቅርብ ስለነበረች ተላከች። ደረጃውን ወጣች፤ ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "በመሳፈሪያ ቁጥር ሁለት ያለው ባቡር ሊነሣ ነው፤ ተሳፋሪዎች ግቡ" አለች። ያ ስታፍርበት የኖረችው ድምፅ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ጸጥ አለ። ሰውዬው በሳምንቱ ከጉንፋኑ ዳነ፤ ወንበሩ ግን ሳይጠብቀው ቀረ። ደስ ብሎት ነው ወደ ዕቃ ክፍል የተዛወረው ይላሉ፤ ደረጃው ጉልበቱን ጨርሶት ነበርና።

"ዛሬ" የሚለው ስም የመጣው ጎርፍ ሐዲዱን በበላ ጊዜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመጣም የሄደም ባቡር የለም። አዳራሹ በሰው፣ በሻንጣና በእርጥብ ልብስ ሽታ ጢም ብሏል። ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ በረታ፤ አንዱ የትኬት ቤቱን መስኮት በጡጫ መታ፤ አለቃው ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ተቀመጠ። እሷ በስልክ ደውላ፣ "ምን ልበላቸው?" ብትለው፣ "የሚያረጋጋ ነገር በያቸው" ብሎ ዘጋባት።

የሚያረጋጋ ነገር ከየት ይምጣ! ዙሪያዋን ስታይ ምሳዋ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ዐይኗ ዐረፈ። "በዛሬው ዕለት" የምትል ትንሽ ዐምድ አለች። ዳቦዋን አውጥታ ጋዜጣውን በመዳፏ አቃናችና ማይክሮፎኑን ከፈተች።

"ወገኖቼ፣ ባቡሩ ገና ነው፤ አልዋሻችሁም። እስከዚያው ግን ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዛሬ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሥራቸው ብስክሌት መጠገን የሆነ፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሥተው የበረሩበት ቀን ነው። የመጀመሪያዋ በረራ አሥራ ሁለት ሰኮንድ ብቻ ነበረች።"

ከታች አንዱ፣ "እነሱስ በረሩ! እኛ መቼ ነው የምንሄደው?" ብሎ ጮኸ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትደነግጥ ነበር። አሁን ግን፣ "እነሱም በአንድ ቀን አልተነሡም፣ ወንድሜ። ስንት ጊዜ አፍንጫቸው ተፈጥፍጧል" አለችው፤ በማጉያ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ገና ሳይበርድ የክፍሏ መስታወት ተንኳኳ። አንዲት አሮጊት በዚያ ደረጃ እንዴት እንደወጡ እንጃ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። "ልጄ፣ እኔም ዛሬ ነው የተወለድኩት። ልጆቼ የሚጠብቁኝ እዚያ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቀረሁ። እኔንስ ብትጠሪኝ?" አሏት። ወይዘሮ ዛሬ ከብስክሌት ጠጋኞቹ አስከትላ አሮጊቷን ጠራቻቸው፤ የማያውቃቸው ሕዝብ ሁሉ አጨበጨበላቸው። ማታ ላይ ባቡሩ ሲመጣ ሰዎቹ እኚህን እናት ተሸክመው ነው ያሳፈሯቸው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። በየማለዳው፣ ከመጀመሪያው ባቡር በፊት፣ "ዛሬ..." ብላ ትጀምራለች፤ በዓለም ላይ በዚያ ቀን የሆነ አንድ ትልቅ ነገር ትናገራለች፤ ቀጥላ በዚያ ቀን የተወለደ የጣቢያ ሠራተኛ ወይም መንገደኛ ትጠራለች። ጨረቃን የረገጠው ሰው ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር፣ ስልክ ፈልሳፊው ከሻንጣ ተሸካሚው ጋር አንድ ላይ ይጠራሉ። አለቃው መጀመሪያ ላይ ተቆጥቶ ነበር።

"ይሄ ባቡር ጣቢያ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?"

"ባቡሩ በሰዓቱ ከመጣ ባቡር ጣቢያ ነው፣ ጌታዬ። ካልመጣ ግን ትምህርት ቤት ቢሆን ምን ይጎዳል?"

አለቃው፣ "አንዲት ደቂቃ! ከዚያ አንዲት ቃል ብታልፊ ማጉያውን እነቅለዋለሁ" ብሎ ሄደ። የእሱ የልደት ቀን ደርሶ ስትጠራው ግን፣ ጢሙን እያሻሸ መሳፈሪያው ላይ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ታየ። ከዚያ በኋላ ስለ ደቂቃዋ አንሥቶ አያውቅም።

ሰው የሚያደንቅላት ድምጿን ይመስለኛል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ድካሟ ነው። የዕረፍት ቀኗን ቤተ መጻሕፍት ገብታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ጋር ስታመሳክር ትውላለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ "የኔ ሚስት ከሞቱ ሰዎች ጋር ነው ሰንበትን የምታሳልፈው" እያለ ይስቅባታል። አንድ ጊዜ አንድ ሳይንቲስት በአንድ ቀን አስቀድማ ጠራችና አንድ አስተማሪ መንገደኛ ወጥቶ አረማት። በማግስቱ፣ "ትናንት ሰውዬውን ያለ ጊዜው ወልጄዋለሁ፤ እናቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለች። ለራሷም ልደት አታፍርም፦ "ዛሬ የኔ ነው። ኬክ የምታመጡ፣ ደረጃው አጭር ነው!"

ጣቢያው ውስጥ ቀኑን ያልሰጣት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባቡሮቹን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግረው ሐዲድ ቀያሪ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትልቅ መፍቻ ከእጁ የማይለይ ሰው ስለሆነ ጋሼ መፍቻ ነው የሚሉት። "ጋሼ፣ መቼ ነው የተወለዱት?" ባለችው ቁጥር፣ "እናቴ የወለደችኝ ቀን" ይላትና ያልፋል። ሰው ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። የደመወዝ ክፍሉ ጸሐፊ ግን የጡረታ ወረቀቱን ሲያዘጋጅ ቀኑን አየና ለወይዘሮ ዛሬ ሹክ አላት። ወርቅ ያገኘች ያህል ነው የተደሰተችው። ቀኑም ልክ ለሱ የሚገባ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ከተሞችን ያገናኘ የመጀመሪያው የእንፋሎት መንገደኛ ባቡር የተመረቀበት ቀን! መጽሐፉ እንደሚለው በዚያው ምረቃ ላይ አንድ ትልቅ እንግዳ በባቡር ተገጭቶ ሞቷል፤ ያንን ግን መንገደኛ ማስፈራት ነው ብላ ተወችው።

በዚያ ማለዳ ባቡሩን አወደሰች፤ አስከትላም፣ "በዚሁ ቀን የተወለደው ደግሞ ያለ እሱ አንድም ባቡር መንገዱን የማያገኘው የኛው ጋሼ መፍቻ ነው!" አለች። ጠራጊዎቹ አጨበጨቡ፤ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ አፏጩ። እሷ በመስታወቱ ቁልቁል ታየዋለች። ጋሼ መፍቻ ሐዲዱን ግራሶ ሲቀባ ነበር። ቀና አለ። መፍቻውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ማንንም ሳያይ በዕቃው በር ወጥቶ ሄደ።

ጭብጨባው አንድ በአንድ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ የሻንጣ ተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ከሁሉ በፊት የተቀጠረው ሽማግሌ፣ እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። "እህቴ፣ ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ?"

"አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሌላ ሐዲድ ቀያሪ ነበር፤ ሳቂታው ነው የምንለው። የሱ የነፍስ ጓደኛ። በዚች ቀን ሳቂታው፣ 'ልደትህ ነው፣ ከልጆችህ ጋር ዋል፤ እኔ እገባልሃለሁ' ብሎ ተረኛነቱን ወሰደለት። ፍሬኑ የለቀቀ ፉርጎ መጥቶ ሐዲዱ ላይ ገደለው። ታሪኩን የምናውቅ ጥቂቶች ነን የቀረነው፤ እኛም አናነሣውም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሷ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ነው ያወጣችው። ምላሷን ነክሳ ብትቆርጠው በወደደች። ያን ቀን ባቡሮቹን ጠራች እንጂ ውኃም አልቀመሰችም። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደች።

ጓሮ ሆኖ እግሩ የተሰበረ ወንበር ሲጠግን አገኘችው። ሚስቱ አስገብታት ዞር አለች።

"ጋሼ፣ ሳልጠይቅዎት ቀንዎን ለሕዝብ ሰጠሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"አላወቅሽም" አላት፤ ምስማሩን ከከንፈሩ ሳያወጣ።

"አላወቅሁም። ግን መጠየቅ ነበረብኝ።"

ጋሼ መፍቻ መዶሻውን አኖረ። ያ ዝምተኛ ሰው ያን ዕለት ተናገረ። ልጆቹ እየዘፈኑለት፣ እሱ ዳቦ እየቆረሰ ሳለ ነው የመጡበት። ለሱ የታሰበው ሞት ሌላ ሰው ላይ አረፈ። ለቅሶውን ጨርሶ ከተመለሰ ወዲህ የሳቂታውን ሚስት ዐይኗን አይቶ አያውቅም። "በየትኛው ዐይኔ ልያት? ባሏን የበላሁት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ዛሬ ልታጽናናው አልሞከረችም፤ የሚያጽናና ቃል የሚባለው ሁሉ አፏ ውስጥ ቀለለባት። ሊመሽ ሲል ብቻ፣ አሁንስ ሳትጠይቅ ምንም ላታደርግ ምላ ነበርና፣ "ጋሼ፣ እሷን ሄጄ ባያት ይከፋዎታል?" አለችው።

ወንበሩን ገልብጦ ሲያየው ቆየ። "መንገድ የሰው ሁሉ ነው" አለ።

እሺም እንቢም አይደለም። ወይዘሮ ዛሬ ግን ከእንቢ ይልቅ ለእሺ ይቀርባል ብላ ያዘችው።

የሳቂታው ሚስት ከከተማው ዳር ችግኝ ትሸጣለች። የአበባው፣ የሎሚው፣ የጥላ ዛፉ ችግኝ አፉ በተቆረጠ ጣሳ ሁሉ ተደርድሮ ግቢዋን ሞልቶታል። እጇ እስከ ክንዷ አፈር ነው። ወይዘሮ ዛሬ ማን እንደሆነችና ምን እንዳጠፋች ነገረቻት፤ የጋሼ መፍቻንም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰች። ሴትዮዋ የያዘችውን ጣሳ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ለልደቱ ብሎ ነው የገባለት አለ?"

"እንደዚያ ነው የሚያምኑት።"

"ወይ ጉድ! ወይ የኔ ጌታ!" ሴትዮዋ በአፈራም እጇ አፏን ያዘች። "ስሚኝ እህቴ። ያን ቀን እናቴ ከሩቅ ልትጠይቀን ትመጣ ነበር። ባሌና እናቴ ደግሞ እንደ ድመትና እንደ አይጥ ናቸው። 'ሥራ አለብኝ' ማለት ፈለገ፤ ሥራ ግን የለውም። በዋዜማው እየሳቀ ገባና፣ 'ተገላገልኩ! ያ ሞኝ ልደቱ ነው፤ ተረኛነቱን ለመንኩት፤ እናትሽ ስትሄድ እመጣለሁ' አለኝ። እኔ ተቆጣሁ። ተኳርፈን ነው ያደርነው።"

"ይህን ለጋሼ መፍቻ አልነገርሽውም?"

"ለማን ልንገር? እናቴ የልጄን ባል የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ እንዳትሞት ስል ዋጥኩት። እሷ ዘንድሮ ነው ያረፈችው፤ አርጅታ። እኔም ብሆን፣ ያን ቀን ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። ጓደኛው ሲርቀኝ ደግሞ ምን መሰለኝ? ቤቴን የጠላው፣ ያኮረፈው መሰለኝ።" ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯ ግን ሊስቅ ዳዳው። "ለልደቱ ነው ብሎ! ባሌ እኮ የገዛ ልደቱን አያስታውስም።"

ሁለቱ ሴቶች በጣሳዎቹ መሀል ቆመው መሳቅም ማልቀስም አቃታቸው፤ ሁለቱንም አደረጉ።

ወይዘሮ ዛሬ ወሬውን ይዛ አልሮጠችም፤ "ይሄ ያንቺ ነው፤ አንቺው ንገሪው" አለቻት። ሴትዮዋም አንድ ተራ ቀን፣ ከቀትር በፊት ጣቢያው መጣች። ወይዘሮ ዛሬ በመስታወቱ ቁልቁል አየቻት፤ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ፣ በመሳፈሪያው ጠርዝ ወደ ሐዲድ ቀያሪው ትሄዳለች። ጋሼ መፍቻ ባያት ጊዜ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆቡን አወለቀ። እሷ ትናገራለች፤ በእጇ ጭምር። እሱ ይሰማል። እሷ አሁንም ትናገራለች። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ አላምንም እንደሚል። ቀጥሎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ወይዘሮ ዛሬ አለቀሰ ብላ ልቧ ስንጥቅ ሲል፣ አይ፣ እየሳቀ ነው! ያ ሰው አፉን ከፍቶ ሲስቅ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ከሳቁ መሀል ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ፤ ያኔ እውነትም አለቀሰ፤ ሴትዮዋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ወይዘሮ ዛሬ ይህን ስታይ በመሳፈሪያ ቁጥር ሁለት የገባውን ባቡር "ቁጥር አራት" ብላ ጠራች። ሕዝቡ ሻንጣውን ተሸክሞ በድልድዩ ወዲያ ተሻገረ፤ ስታርም እየተራገመ ወዲህ ተመለሰ። አለቃው በስልክ፣ "ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?" ብሎ ጮኸ። "ዐይኔ ውስጥ ነገር ገብቶ ነው" አለችው።

በዓመቱ፣ ቀኑ ሊደርስ ሲል፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቀች። የሳቂታው ሚስት እሺ አለች። ጋሼ መፍቻ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ መፍቻውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረና፣ "ጥሪኝ። ከሱ በኋላ ግን" አላት።

በዚያ ማለዳ የመጀመሪያውን ባቡር ምረቃ ተናገረች፤ ባለፈው ዓመት የተወችውን ሞትም አልተወችም። "በዚህ ቀን አንድ ጊዜ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ቀን ሰው ገደለ። እዚህ ጣቢያም በዚህ ቀን ሳቂታው ሐዲድ ቀያሪ ሥራው ላይ አለፈ፤ ነፍሱን ይማር። እዚህ የሚሠራው ጓደኛው ደግሞ በዚህ ቀን ተወለደ። እንኳን ተወለደ።" አዳራሹ ውስጥ ማንም ሳያዘው ሰው ተነሥቶ ቆመ። አላጨበጨቡም። የሳቂታው ሚስት የሎሚ ችግኝ ጭኗ ላይ ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ባቡሩ እንደሄደ ወስዳ ለጋሼ መፍቻ ሰጠችው። አተካከሉን አላወቀበትም አሉ፤ ሁለት ጊዜ ሄዳ አስተካክላለታለች። ቤተሰቦቻቸውም እንደገና መጠያየቅ ጀመሩ።

ወይዘሮ ዛሬ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ጠራች፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጣ፦ ማንንም ሳትጠይቅ አትጠራም። ጉሮሮዋ መሻከር ሲጀምር በፈቃዷ ወረደች። ኩባንያው ባቡር የሚጠራ የተቀዳ ድምፅ ከማሽን ጋር አስገባ፤ የማለዳዋን ደቂቃ ግን ሠራተኞቹ ማሽን አናስነካም ብለው በየተራ ያነቧታል። አንዳንድ ቀን መጥታ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥና፣ "ቀስ በዪ እህቴ፣ ባቡር አይደለሽም" ብላ ትመለሳለች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ባሏን፣ "ተነሥ፣ እንሳፈር" አለችው። ያን ሁሉ ዘመን በየቀኑ ስሙን ስትጠራው የኖረችውን የመስመሩን የመጨረሻ ጣቢያ አይታው አታውቅም ነበር። ባሏ መቀሱንና ክሩን ትቶ ተከተላት። ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ሲደርሱ፣ ጣቢያው አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ አንድ የተኛ ድመት ነው።

"ለዚህ ነው የጮኽሽው?" አላት ባሏ።

"ዝም በል፣ ደስ ይላል" አለችው።

ጥላው ሥር ወደ ተቀመጠው ዘበኛ ሄዳ፣ "ወንድሜ፣ የሚጠጣ ውኃ ይኖርሃል?" አለች። ሰውዬው ኩባያውን ሊያነሣ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለ። "ከብዙ ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ በዚያ ሳልፍ፣ ዛሬ ልደቴ ነው ብልሽ በማጉያ ጠርተሽኛል። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ።" ኩባያውን ሞልቶ በሁለት እጁ ሰጣት፤ እስክትጠጣ ጠበቀና ፈገግ አለ። "ስሜን ግን አበላሽተሽዋል።"

"በል ንገረኝ" አለች ወይዘሮ ዛሬ፣ ድመቱን ገፋ አድርጋ አግዳሚው ላይ እየተቀመጠች። "ዛሬ አስተካክዬ ልጥራው።"